ስምንት ላይ የተለጠፈ ካሜራ

ባለሱቁ ካሜራውን ከመስታወት ሳጥኑ አወጣና በጨርቅ አበስ አበስ አድርጎ ለዘሃራ ሰጣት። "ይሄንን ውሰጂ እህቴ። ለጀማሪ እንደሱ የለም። ምንም መነካካት የለብሽም፣ ሁሉንም ነገር ራሱ ነው የሚያስተካክለው። ደግሞ ፊት ያጠራል።"

"ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ፊት ያጠራል እትዬ። ጠቆር ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጎ ነው የሚያወጣው።"

ደሜ ፈላ። ዘሃራ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የአክስቴ የአስያ ልጅ ናት፤ ሥራ ከያዘች ጀምሮ ያጠራቀመችውን ይዛ የመጀመሪያ ካሜራዋን ልትገዛ ነው፤ እኔን ከባምባሲ ድረስ ያስመጣችኝም አብሬያት እንድመርጥ እንጂ አሶሳ መሀል ከባለሱቅ ጋር እንድጣላላት አልነበረም። ግን እንዴት ዝም ይባላል?

"ራሱ የሚያስተካክለው ለማን ብሎ ነው?" አልኩት። "የማንን ፊት ለክቶ ነው የተሠራው? የሷ ፊት ምን ጎድሎት ነው የሚጠራው?"

"ኧረ በአላህ ተይ" አለችኝ ዘሃራ፣ በጥርሷ መሀል።

ባለሱቁ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ደነገጠና ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ያገለገለ ካሜራ አወጣ። ጥቁር፣ ከበድ ያለ፣ ሌንሱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ያለው። የባትሪው ክዳን ስለላላ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። "ይሄኛው ያስቸግራችኋል፤ ቀለበቱን በእጅ ማዞር ይፈልጋል" እያለ ባትሪውን ሊያሳየን ፕላስተሩን ላጠው። ያ የሙጫ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

በቃ። እዚያው ቆሜ አስራ አንድ ዓመቴ ሆነ። ንዴቱም አብሮ መጣ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳያረጅ።

ያን ዓመት አሶሳ የክልል ዋና ከተማ ሆናለች ተባለ። እኔ ክልል ማለት ሰው ይመስለኝ ነበር። ሁሉም ሰው "ክልሉ ወሰነ፣ ክልሉ መኪና አመጣ፣ ክልሉ ከለከለ" ስለሚል፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ከአውሮፕላን የወረደ ትልቅ ሰው ነበር በሐሳቤ የሣልኩት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አዲስ ከተቀባ ቢሮ በር ላይ ቆሜ "ክልሉ አሉ?" ብዬ ዘበኛውን ጠይቄው፣ እስኪያለቅስ ስቆብኛል።

ይህ ሰው የመሰለኝ ክልል ደግሞ ሁሉንም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ጉርድ ፎቶ። ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ። ለሥራ ጉርድ ፎቶ። ለሥልጠና ጉርድ ፎቶ። ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሸሚዝ ተዋውሶ ወደ ጋሽ ጌታሁን ግቢ ይጎርፍ ጀመር።

ጋሽ ጌታሁን ከመሀል አገር መጥቶ ከገበያው ጀርባ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ፎቶ ቤት ይባል እንጂ የሚያነሳው ግቢ ውስጥ ነው። በቀርከሃ አጥሩ ላይ ነጭ አንሶላ ይወጥራል፣ ከፊቱ የቀርከሃ በርጩማ ያስቀምጣል፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ያቆማል። የሌንሱን ቀለበት ስምንት ቁጥር ላይ አዙሮ እንዳይነቃነቅ በቁስል ፕላስተር ዙሪያውን ለጥፎታል። ፕላስተሩ በፀሐይ ስለሚግል ግቢው ሁሌ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ሰው ሲጠይቀው "የአሶሳ ፀሐይ እንደሆነች አንድ ናት፣ ስምንት ይበቃታል" ይላል። ሹሙም፣ ነጋዴውም፣ አስተማሪውም፣ የኛ ሰውም በዚያው በስምንት ነው የሚነሳው። ፊልሙ ካልሞላ ደግሞ አይታጠብም። የተነሳ ሰው ሌላው እስኪነሳ ቀናት ይጠብቃል።

አክስቴ አስያ የአባቴ የመጨረሻ እህት ናት። ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እኛ ቤት ስላደገች ለኔ ከአክስት ይልቅ እህት ነበረች። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ሦስት ሦስት መስመር አላት፣ ከዓይኗ ሥር ቁልቁል የወረዱ፣ በልጅነቷ የተበጡላት። እኔ ላይ ልማዱ ሳይደርስ ስለቀረ እቀናባት ነበር። ገበያ ለገበያ ስንሄድ አሮጊቶች ጉንጯን በጣታቸው እየዳሰሱ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ። እኔን ግን "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" ነው የሚሉኝ።

አስያ አስረኛን ጨርሳለች። ከዚህ በላይ ግን እኔን ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። አንደኛ ክፍል ስገባ የማውቀው አማርኛ "እሺ" የሚል ብቻ ነበር። አስተማሪው የሚናገረው አንድም አይገባኝም። ተነሺ ሲለኝ እሺ ብዬ ቁጭ፣ ውጪ ሲለኝ እሺ ብዬ ቁጭ። የቀለድኩበት መስሎት በአለንጋ ይሸነቁጠኛል። አስያ በየቀኑ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ ማንጎው ጋ ትጠብቀኝና ደብተሬን ገልጣ ያን ቀን የተባለውን ሁሉ በቋንቋችን በበርትኛ ትነግረኛለች። መደመር ማለት ይሄ ነው፣ አገር ማለት ይሄ ነው። ሌሎች ልጆችም አይተው ይመጡ ጀመር። እሷ ደግሞ አንዱንም አትመልስም ነበር። አስተማሪ ሳትሆን ሃያ ምናምን ተማሪ ነበራት።

እና በማንጎ ወቅት፣ ሚያዝያ ሲገባ፣ አዲሱ ቢሮ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የታችኛዎቹን ክፍሎች በበርትኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ሊሠለጥኑ ነው። አስረኛ የጨረሰ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ። አስያ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እጄን ይዛ እስከ ቤት ሮጠች፤ እኔ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። አባቴን "ሰሌዳ ፊት ቆሜ በኛ ቋንቋ! በኛ ቋንቋ እኮ ነው!" አለችው። ሌላ ነገር እንደዚያ ስትፈልግ አይቻት አላውቅም።

የተጠየቀው ጥቂት ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ ማመልከቻ፣ ፊት በግልጽ የሚታይበት ሦስት ጉርድ ፎቶ። የመጨረሻው ቀን የወሩ መጨረሻ ዓርብ።

ለመጀመሪያው ፎቶ እናቴ ፀጉሯን ሠራቻት፣ ፊቷን በሰሊጥ ዘይት ወለወለቻት። ጎረቤት ኮት አዋሰን። ጋሽ ጌታሁን "ቀና በይ፣ አትተንፍሺ" አለና ቀጭ አደረገው። ከቀናት በኋላ ፎቶውን ስንቀበል እኔ ነኝ ነጥቄ ያየሁት። ጉንጯ ላይ ያሉትን መስመሮች ልቆጥር ፈለግሁ። አንድም የለም። አፍንጫ የለም። አገጭ የለም። ከነጩ አንሶላ ፊት ለፊት ኮት የለበሰ ጥቁር ነገር፣ መሀሉ ላይ ሁለት የዓይን ነጭ። በዚያው ወረቀት ላይ፣ ሳይቆረጥ፣ ከሷ ቀጥሎ ተነስቶ አብሯት የታተመው ከመሀል አገር የመጣ አንድ ሠራተኛ የቅንድቡ ፀጉር እንኳን ይቆጠር ነበር።

የቢሮው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ፎቶውን በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ወደ ጓደኛው አዞረና "ይሄ ሰው ነው ወይስ ጥላ?" አለው። ሳቁ። ለቀበሌ መታወቂያ እንዲህ ያለውን ይለጥፉታል፣ የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ መታወቂያው ላይ ጥቁር ጥላ ነው፤ የሥልጠናው ፋይል ግን ወደ ሌላ ቦታ ስለሚላክ አይሆንም አለ። "ፊት ያለው አምጪ" ብሎ መለሰላት።

ፊት ያለው! እሷ እዚያው ፊቱ ቆማ!

ተመለስን። አስያ ምንም ሳትቆጣ፣ በዚያ ጥርት ባለ አማርኛዋ፣ "ጋሼ፣ ፊቴ ስላልታየ አልተቀበሉኝም" አለችው። ይህ ትዕግሥቷ እስከዛሬ ያናድደኛል። ጋሽ ጌታሁን ፎቶውን አየት አደረገና ሳቀ። "እኔ ምን ላድርግሽ የኔ እናት? ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ የፊትሽ ነው። እግዜር ያጠቆረውን እኔ አላነጣው። በይ ፀሐይ ላይ ተቀመጪና ጥርስሽን አሳዪኝ፣ ቢያንስ እሱ ይታይ።"

ያኔ አመንኩት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ማመኔ። ካሜራ ማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ አያዳላም፤ ስለዚህ እሱ ካላየን እኛ የማንታይ ሰዎች ነን ብዬ አሰብኩ። ቤት ገብቼ በእናቴ ቁራጭ መስታወት ፊቴን አየሁት። ይታያል። መስታወቱ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ።

አስያ ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ሁለተኛውም ፎቶ ያው ነው፤ ትርፉ ዓይኗ መጨፈኑ ብቻ።

በዚህ ጊዜ አባቴ ራሱ ሄደ። አባቴ ኩሩ ሰው ነው፣ አማርኛ ግን ብዙም አይሆንለትም። ሰው በተሰለፈበት መሀል ቆሞ፣ "ጌታሁን፣ እኔ እህት ፊት አለው" አለ። "ዓይን የሌለው አንተ ካሜራ ነው።" ግቢው በሳቅ አወካ። ጋሽ ጌታሁን አነጋገሩን እየደገመ ተሰላፊውን አሳቀበት። አባቴ ዞር ብሎ እጄን ያዘና ወጣን። መንገዱን ሁሉ እጁ እጄን ሊሰብረው ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጠው ፓፓያ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አያ ይመር የሚባሉ። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ መንደራቸው እንደሌሎቹ ሰፋሪ መንደሮች በቁጥር ነው የሚጠራው። እናቴ ባምያዋን እየደረደረች ስታማርር ሰሙና ጆሯቸውን ቀሰሩ። ፎቶውን ተቀብለው አዩት፣ ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት፣ ከዚያ መሬት ላይ ተፉ።

"ወላሂ ይህ ሰው ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ደግሞ አውቆ ነው" አሉ። "እኔ እኮ እዚህ ሳልመጣ ደሴ ፎቶ ቤት ስሠራ ነው የኖርኩ። አብሽሪ አንቺ ልጅ። ነገ ከእናትሽ ጋር ነይ፣ አሳይሻለሁ።"

በማግስቱ ሄድን። የአያ ይመር ጎጆ በሩ ሲዘጋ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ በጨርቅ የተወተፈ የአውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች። ጨርቁን መዘዙት። "ወደዚያ ግድግዳ እይ" አሉኝ።

አየሁ። ውጭ ያለው የፓፓያ ዛፍ ጭቃው ግድግዳ ላይ ተዘቅዝቆ ቆሟል! ፍሬው ወደ ላይ፣ ሰማዩ ወደ ታች። አንዲት ዶሮ በጀርባዋ ተንጠልጥላ ትሄዳለች። ጮህኩና እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። አያ ይመር እየሳቁ ጭቃውን በቢላዋ ፈቀፈቁና ቀዳዳዋን ሰፋ አደረጓት። ዛፉ ጠርዙ ትንሽ ደብዘዝ አለ፣ ነገር ግን ደመቀ፤ ቅድም ጥቁር የነበረው የቅጠሉ ሥር ሁሉ ታየ። በመዳፋቸው ግማሹን ሲጋርዱት ደግሞ መልሶ ጨለመ።

"የካሜራ ሆድ ማለት ይኸው ጎጆ ነው" አሉኝ። "ሌንሱ ውስጥ እንዲህ ያለች ቀዳዳ አለች። ሲሰፋ ብርሃን ይበዛል፣ ሲጠብ ያንሳል። ጠቆር ያለ ፊት ብርሃኑን ያስቀራል እንጂ መልሶ አይረጨውም፤ ስለዚህ ለሱ ከፈት ታደርጊለታለሽ። ነጭ አንሶላም ከኋላው አይወጠርም። ይሄው ነው። ፊቷ ምንም የለበትም፤ ቀዳዳውን ነው ያልከፈተላት።"

ቀዳዳውን ነው ያልከፈተላት! ስለዚህ የምንታይ ሰዎች ነን። መስታወቱ አልተሳሳተም።

"እንዴት ነው የሚከፈተው አያ?"

"ቀለበቱ ላይ ቁጥር አለ። ታዞሪዋለሽ፣ ይከፈታል።"

ሌላ ልሰማ አልፈለግሁም። በሩን በርግጄ ወጣሁ። ከኋላዬ "ቆይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ቁጥሩ እኮ..." ሲሉ ሰምቻለሁ። አልቆምኩም። አስያ ጋ ለመድረስ እሮጥ ነበር፤ እናቴ ከኋላ እየተጣራች።

ሰኞ ጠዋት ቀጥታ ጋሽ ጌታሁን ጋ ሄድኩና "ጋሼ፣ ለአስያ ቀዳዳውን ይክፈቱላት" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ፊት የማያውቅ ሰው ፊት አልነበረም። ጆሮዬን ይዞ ጠመዘዘኝና፣ "አንቺን ደግሞ ማን ነው ፎቶ አንሺ ያደረገሽ? ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው? ሂጂ ከዚህ!" ብሎ እስከ አጥሩ በር ጎትቶ አስወጣኝ። ጆሮዬ ለሁለት ቀን ጋለ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ፎቶ ረቡዕ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከአስያ በኋላ ጃኬት የለበሱ የቢሮ ሰዎች፣ አንድ ሁለት ሹማምንት ሁሉ ተሰልፈዋል። እሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ጌታሁን "መጣሁ" ብሎ አዲስ ፊልም ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ። ሰዎቹ ጥላው ሥር ጨዋታ ይዘዋል። ካሜራው ብቻውን ቆሟል።

ሄድኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ሙጫው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ቁጥሮቹን አነበብኳቸው፤ ሁለት፣ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ አራት፣ አምስት ነጥብ ስድስት፣ ስምንት፣ አስራ አንድ፣ አስራ ስድስት። ስምንት ካልበቃት ምን ይበቃታል? አስራ ስድስት የስምንት እጥፍ ነው። ሒሳብ ያስተማረችኝ አስያ ራሷ ናት። ቀለበቱን ጨበጥኩና ቀጭ፣ ቀጭ፣ መጨረሻ ድረስ፣ አስራ ስድስት ላይ አደረስኩት። ፕላስተሩን መልሼ ለጠፍኩ። አስያ በርጩማዋ ላይ ቀጥ ብላ ወደ ፊት ትመለከት ነበር። ጋሽ ጌታሁን መጣ፣ ቀለበቱን ዞር ብሎም አላየው፣ ፊልሙን አስገባና ቀጭ አደረገ። እኔ በደስታ አጥሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ዓርብ ሁሉም ያያል አልኩ።

ዓርብ ሰማዩ ጠቆረ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሊመጣ ነው። ግቢው ስንደርስ ጩኸት ነበር። የረቡዕ ተነሺዎች በሙሉ ጨልመው ወጥተዋል። ሹሙ ጠቁሯል፣ አስተማሪው ጠቁሯል፣ አንሶላው ራሱ አመድ መስሏል። ቅንድባቸው ይቆጠር የነበሩት ሰዎች እኛን መስለው ቁጭ! አንዱ "ይሄ እኔ ነኝ? አሾፍክብኝ?" እያለ ፎቶውን ፊቱ ላይ ይወረውርበታል። የአስያ ደግሞ ዓይኗም አይታይ፤ ኮትና ጨለማ ብቻ።

ጋሽ ጌታሁን በላብ ተጠምቆ ከወገቡ ጎንበስ ቀና ይላል። "ይቅርታ ጌቶቼ! ይቅርታ! ጥፋቱ የካሜራው ነው!"

ሰማችሁ? ለነሱ ጥፋቱ የካሜራው ነው።

ሮጦ ፕላስተሩን ገነጠለው። አስራ ስድስት። "ማን አባቱ ነው የነካው!" አለና ቀለበቱን ወደ ስምንት መለሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። "ደመና ነው፣ ትንሽ ከፈት እናድርገው" አለ ለራሱ። ቀለበቱንም ከስምንት አሳልፎ ወደ አምስት፣ ወደ አራት አዞረው። ወደ ትንሹ ቁጥር። ወደ ትንሹ!

በዚያች አንዲት ቅጽበት ሁለት ነገር አወቅሁ። አንደኛው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ቀዳዳው የሚሰፋው፤ ገና ከጎጆው ስወጣ አያ ይመር ሊነግሩኝ የነበረው ይሄ ነው፣ እኔ በገዛ እጄ አጨለምኳት። ሁለተኛው፣ ይህ ሰው ያውቃል። ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። ለደመና ከፈተው! ለአንድ ተራ ደመና፣ ጠዋት መጥቶ ከሰዓት ለሚሄድ ደመና ከፈተው፤ ለአክስቴ ፊት ግን ሦስት ጊዜ ተቀምጣለት አልከፈተውም።

ሰዎቹን እዚያው በየተራ አነሳቸው፣ ፊልሙ ሳይሞላ ሊያጥብላቸውም ቃል ገባ። አስያ ቀረበችና "ጋሼ፣ እኔንም አብረው ያንሱኝ፤ መስኮቱ ዛሬ ነው የሚዘጋው" አለችው።

"ያንቺማ ድሮም እንዲሁ ነው" አላት፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ። "ሰኞ ነይ።"

በስድስት ሰዓት ቢሮው ደረስን። አስያ ማስረጃዋንና ማመልከቻዋን ያለ ፎቶ በመስኮቱ አቀረበች። ሰውዬው ወረቀቱን መልሶ ገፋውና "ፊት ያለው አምጪ አላልኩም?" አለ። ከሰዓት ፋይሎቹን የጫነው መኪና በዝናቡ መሀል ወጣ። እኛ ከቆርቆሮው ሥር ቆመን አየነው። አስያ ኮቱን አውልቃ እንዳይረጥብ በጉያዋ ያዘችው፤ የሰው ነውና።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መስፈርት መጣ፣ አስረኛ አይበቃም ተባለ። አስያ ዛሬም ትምህርት ቤት ውስጥ ናት፤ ክፍሎቹን ትጠርጋለች። ልጆቹ በበርትኛ የሚማሩበትን ክፍል ትጠርጋለች።

"ያገለገለውን ነው የምንወስደው" አልኩት ባለሱቁን። ዘሃራ አየችኝ። "የመጀመሪያ ካሜራሽ በገዛ እጅሽ ከፍተሽ የምትዘጊው ይሁን። ያጠፋሽ እንደሆነ አንቺ እንዳጠፋሽ ትወቂው። ራሱ የሚያስተካክለውን ሌላ ጊዜ ትገዢዋለሽ።"

ከሱቁ በባጃጅ ቀጥታ አስያ ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ለሻይ የሚሆን ቀይ ከርከዴ ስታሰጣ አገኘናት፤ ጣቶቿ ቀልተዋል። ዘሃራ በርጩማ አመጣችና አስቀመጠቻት፤ ከኋላዋ የማንጎው ግንድ ብቻ። አስያ ልክ እንደዚያን ጊዜው ቀጥ አለች። አላስቻለኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን ዘሃራ ፊት ዘረገፍኩት፤ ፕላስተሩን፣ አስራ ስድስቱን፣ ሁሉንም። "እኔ ነኝ አስያ። እሱ በስምንት ቢያነሳሽ ምናልባት ያልፍ ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ።"

አስያ አልደነገጠችም።

"አይቼሻለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ከፊት ለፊትሽ እኮ ነው የተቀመጥኩት፤ እንዴት አላይሽም? ስትልጪው፣ ስታዞሪው፣ ምላስሽን ነክሰሽ ስትለጥፊው።" ከጣቷ ላይ የከርከዴ ቅጠል አራገፈች። "ሦስት ጊዜ እሱ ፊት ተቀመጥኩ። አንድ ቀን እንኳን እጁ ወደዚያ ቀለበት አልሄደም። አንቺ ግን አዞርሽው። ወዴት እንደሆነ ባታውቂም ለኔ ብለሽ አዞርሽው። ያን ቀን ከዚያ ግቢ የወጣሁት ይሄን ይዤ ነው።"

በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ ዛሬም አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

"በይ ተይ አታልቅሺ፣ ልጅቷን አታዘናጊያት" አለችኝ። ከዚያ ወደ ዘሃራ ዞረች። "ወዴት ነው የሚዞረው አንቺ?"

"ወደ ትንሹ ቁጥር እማ።"

"እንግዲያው አዙሪዋ!"

ዘሃራ ቀለበቱን ሁለት ቁጥር ድረስ አመጣችውና ቀጭ አደረገች። ካሜራውን ነጥቄ ጀርባው ላይ ያለውን ምስል አየሁ። በጣቴ ቆጠርኩ። በግራ ጉንጯ ሦስት፣ በቀኝም ሦስት።